በሰመር አበባና ነፍሳት ለማየት፦ ስሚዝሶኒያን ወይስ ኬኒልወርዝ?

ዲሲና አካባቢዋ ለምትኖሩ ሁለት ቦታ ላወዳድርላችሁ። ሁለቱም መግቢያቸው በነጻ ነው።

ጊዜ ለሚያጥረው ሰው ከተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎን ያለው የስሚዝሶኒያን የንብና የቢራቢሮ አትክልት ስፍራ ይሻላል። ከሜትሮ ወርዶ ትንሽ በእግር ነው። እዚያ ሚልክዊድ የሚባለውን ተክል ፈልጉ። የሞናርክ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ከዚህ ተክል ዝርያዎች ውጪ ሌላ አይበላም። ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። የመኪናው ድምፅ ግን አይጠፋም።

እኔ የምመርጠው ኬኒልወርዝ የሚባለውን የውሃ አትክልት ስፍራ ነው። አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ያሉት ኩሬዎች ጁላይ ላይ ሎተስ በሚባል የውሃ አበባ ይሞላሉ። የሎተስ አበባ የሚገርም ነገር አለው፤ ራሱን ያሞቃል! አየሩ ቀዝቀዝ ቢል እንኳ ውስጡ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሙቀቱ ሽታውን ያሰራጫል፣ ጢንዚዛዎችንም ይጠራል። ውሃው ላይ ደግሞ ባለ አራት ክንፍ ቀጫጭን ነፍሳት ትንኝ እያሳደዱ ይበራሉ። ጎንበስ ብሎ ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው ሰዓቱ አይታወቀውም።

ወደ ኬኒልወርዝ በጠዋት ሂዱ፤ ብዙዎቹ የውሃ አበቦች ከሰዓት በኋላ ይከደናሉ። ኮፍያና የሚጠጣ ውሃ ያዙ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ኩሬው ዳር እጃቸውን አትልቀቁ።