ሺያ በተር ለደረቅና ለሚንጨባረር ፀጉር፦ ከኅዳር እስከ ነሐሴ ጎንደር ላይ

ዋናው ነገር ይቅደም፦ ሺያ በተር ፀጉር አያረጥብም። ውስጡ ውሃ የለውም፣ ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ጥርት ያለ ስብ ነው። ሥራው ክዳን መሆን ነው፤ ፀጉሩ የያዘውን ውሃ ቶሎ እንዳያተን ይከድነዋል። «ተቀብቼው ጭራሽ ባሰበት» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የቀቡት ደረቅ ፀጉር ላይ ነው። ድርቀቱን ከደኑበት እንጂ አላስወጡትም።

የተሞከረው ያልተጣራ ሺያ ነው፣ 250 ግራም በፕላስቲክ ዕቃ። ፀጉሩ ትከሻ የሚነካ፣ ወፍራም፣ ጥቅልል፣ ሲደርቅ የሚንጨባረር፣ ጫፉ በፔስትራ የተጎዳ። ያልተጣራው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሽታው የተቆላ ለውዝና ትንሽ ጭስ ይላል። ሽታ የማይወድ ሰው የተጣራውን ነጩን ይግዛ። አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ እየተደረገላት ላደገች ሴት ግን ይሄ ሽታ አይባልም። ዛፉ ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ደቡብ ሱዳንና የኛው ጋምቤላ ድረስ ይበቅላል። ኒሎቲካ የሚባለው የምሥራቁ ዝርያ ለስለስ ያለና ቶሎ የሚቀልጥ ሲሆን የምዕራቡ ጠንከር ይላል። እዚህ የተገመገመው የምዕራቡ ነው።

«ታዲያ ለጋ ቅቤ ምን አለው?» ለሚል፦ በመጀመሪያው ቀን ብዙም አይለያዩም። የሚለያዩት በሦስተኛው ቀን ነው። ቅቤ ውስጥ የሚቀረው አሬራ ይኮመጥጥና ይሸታል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ቀልጦ ግንባርና አንገት ላይ ይወርዳል፣ የልብስ ኮሌታ ያበላሻል። የምዕራቡ ሺያ ግን ጠንከር ስለሚል ፀጉሩ ላይ ይቆያል፤ የሚሻግት ነገርም የለውም። ቤት ውስጥ ቅቤ ያለው ሰው ግን ሳምንት አንዴ ከመታጠቡ በፊት ለሁለት ሰዓት ተቀብቶ ቢያጥበው ገንዘቡን አላባከነም። ሺያን የምናስበልጠው ታጥቦ ለሚውል ፀጉር ነው።

አቀባቡ ላይ ነው ሁሉም ነገር የሚበላሸው። ሻምፑው ለራስ ቆዳ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ አረፋው ሲወርድ ይታጠባል። ኮንዲሽነር ተቀብቶ ሳይለቀለቅ፣ ቋጠሮው በጣት ከዚያም ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ይፈታል። ከሥር ወደ ጫፍ የሚጎትት ቋጠሮውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ ይበጥሰዋል። ከተለቀለቀ በኋላ በፎጣ ማሸት የለም፤ በአሮጌ ካኒቴራ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። ፀጉሩ መንጠባጠቡን ያቁም እንጂ ሲነካ እጅ ማርጠብ አለበት። በስድስት ክፍል ከፍላችሁ አስይዙት።

ለአንድ ክፍል ሽንብራ የምታህል ሺያ ትበቃለች። ለስድስቱም ሲደመር አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም ገደማ ነው። በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ሺያው እንደ ሞራ ይጠነክራል፣ ጣት አይገባውም። በማንኪያ ጀርባ ፍቁና በሁለት መዳፍ መሃል አሹት፤ ነጭነቱ ጠፍቶ ዘይት እስኪመስል ድረስ። ነጭ እንዳለ ከተቀባ ፀጉር ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ይቀርና ከሩቅ ፎረፎር ይመስላል። ከዚያ ክፍሉን በመዳፎቻችሁ መሃል አድርጋችሁ ከጆሮ ግንድ በታች ጀምራችሁ ወደ ጫፍ አውርዱ። ጫፉ ትንሽ ይጨመርለት፤ ከሁሉም አርጅቶ የደረቀው እሱ ነው። ጥቅልል ፀጉር በየመታጠፊያው ስለሚከለከል ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ጫፍ ድረስ አይወርድም። በመጨረሻ ከታች ወደ ላይ ጨበጥ፣ ለቀቅ። እስኪደርቅ አይነካም፣ አይበጠርም። በእጅ የተነካካ እርጥብ ፀጉር ሲደርቅ መንጨባረሩ አይቀርም፣ የቱም ቅባት አያድነውም።

በበጋ በሳምንት ሁለቴ ሲቀባ 10 ግራም ይሄዳል፤ 250 ግራሙ 25 ሳምንት ቆየ። ኅዳር መጀመሪያ ተከፍቶ ሚያዝያ መጨረሻ አለቀ። ለጎንደር በጋ ይሄ ዕቃ የተሠራለት ይመስላል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ደርቆ ነፋሱ አቧራ ያነሣል። ያልተከደነ ፀጉር ጠዋት ተነክሮ ቀትር ላይ ገለባ ይሆናል። ሺያ የነካው ግን እስከ ሦስተኛው ቀን ለስለስ እንዳለ ይቆያል፣ ጥቅልሉም አይበተንም። ሌሊት በጥጥ ሻሽ ከታሰረ ሻሹ ቅባቱን መጦ ይወስደዋል፤ ከሥሩ ሳቲን አድርጉ።

ለጥምቀት ሹሩባ ለሚሠሩ፦ ከመሠራቱ በፊት ፀጉሩ ትንሽ እርጥበት ብቻ ይኑረው፣ ሺያውም ከተለመደው ግማሽ። በጣም እንደረጠበ ተሠርቶ ወዲያው ሻሽ ከታሰረበት ሥሩ ይታፈንና በአራተኛው ቀን የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ያመጣል።

ከሰኔ ወዲያ ነገሩ ተገለበጠ። በክረምት ፀጉሩን የሚያንጨባርረው ድርቀት ሳይሆን ከአየሩ የሚገባው እርጥበት ነው፤ እኩል ስለማይገባ አንዱ ዘለላ ያብጣል፣ አንዱ ይቀራል። ሺያ መግባቱን ያዘገየዋል እንጂ ቅርጽ አይዝም። በበጋው ልክ ሲቀባ ደግሞ ፀጉሩ ከብዶ ተኛ። ከሁለተኛው ዕቃ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ለጫፍ ብቻ መውሰድ በቂ ሆነ፤ ቅርጽ መያዙን ከተልባ የሚሠራ ጄል ተረከበ።

ጄሉ ያልተቆላና ያልተፈጨ ተልባ ይፈልጋል፤ ሩብ ኩባያ ተልባ በ2 ኩባያ ውሃ። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ የሚባለው 7 ደቂቃ አይበቃም፤ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ እያማሰላችሁ አቆዩት። የእንቁላል ነጭ መስሎ ከማማሰያው ላይ ሲዝለገለግ አውርዱ፣ ትኩስ እንዳለ በንጹሕ ስቶኪንግ አጥልሉት። ከቀዘቀዘ አንዲት ጠብታ አያልፍም። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል፣ ያለ ፍሪጅ ከሁለት ቀን አታሳልፉት። ቅደም ተከተሉ ሺያ፣ ከዚያ ጄል ነው። ሺያው ከበዛ ጄሉ አይጣበቅም፣ ሲደርቅ ነጭ ነጭ እየሆነ ይረግፋል።

ጉድለቶቹ። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ቅባቱ ይከማቻል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ውሃ ሲፈስበት ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጠብታ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ አይገባም። ያኔ ሰልፌት ባለው ሻምፑ፣ ሞቅ ባለ ውሃ፣ ሁለቴ ማጠብ ያስፈልጋል። ወር አንዴ ይህን ማድረግ ችግሩን ከመነሻው ያስቀራል። ቀዝቃዛ ውሃ ሺያን ያጠነክረዋል እንጂ አያስለቅቅም። ውሃ የምትጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ይህን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት፤ በደንብ ለማጠብ ከ10 ሊትር በላይ የሞቀ ውሃ ይጠይቃል፣ ግማሽ ጀሪካን ማለት ነው።

ፎረፎር ያለበት ሰው ራስ ቆዳው ላይ ፈጽሞ አይቀባ። ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ የሚመገበው እንዲህ ያለውን ስብ ነው። ራስ ቆዳን ማከም ሳይሆን ፈንገሱን ማብላት ይሆናል። ስስና ሉጫ ፀጉር ላይም ገንዘብ አታውጡ፣ ያልታጠበ ያስመስለዋል። ከፔስትራ በፊትም አይቀባም፤ ብረቱ 200 ዲግሪ ሲደርስ ስቡ ይጨሳል። የተሰነጠቀ ጫፍን ለጥፎ ይደብቃል እንጂ አይጠግንም፤ ሲታጠብ ያው ተሰንጥቆ ይታያል። መድኃኒቱ መቀስ ነው።

በጅምላ ይረክሳል ብላችሁ አንድ ኪሎ አትግዙ። ሲያረጅ የከረመ ዘይት ይሸታል፣ ያን ጊዜ ይጣላል። መስኮት ዳር ከተቀመጠ ደግሞ በመጋቢት ቀን ቀን እየቀለጠ፣ ሌሊት ቀስ ብሎ እየረጋ ውስጡ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ይህኛው አልተበላሸም፤ ከስቦቹ አንዱ ቀድሞ ስለሚረጋ ነው የሚቋጥረው። ብረት ሳህን ላይ አድርጋችሁ ፍል ውሃ ላይ በማስቀመጥ ቅንጣቱ እስኪጠፋ አቅልጡት። ከዚያ ሳህኑን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አድርጉና ጥቅጥቅ እስኪል ድረስ ሳታቋርጡ አማስሉት። በፍጥነት ከረጋ እንደ አዲስ ይለሰልሳል።