ሉቺያን በማን ድምፅ? ሰዘርላንድ ወይስ ካላስ

ቤል ካንቶን፣ ማለትም የድምፅን ውበትና ጌጥ የሚያስቀድመውን የጣሊያን የኦፔራ አዘፋፈን፣ መስማት ለሚጀምር ሰው የአቀናባሪውን የዶኒዜቲን «ሉቺያ ዲ ላመርሙር» እጋብዛለሁ። ኦፔራው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1835 ኔፕልስ ውስጥ ነው። ችግሩ የማንን የድምፅ ቅጂ እንደሚሰሙ መምረጡ ላይ ነው።

ዘፋኟን ጆአን ሰዘርላንድን ዝነኛ ያደረጋት በ1959 በለንደኑ ኦፔራ ቤት በኮቨንት ጋርደን የተጫወተችው የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የሉቺያ ሚና ነው። በእብደቱ ትዕይንት፣ ሙሽራውን ወግታ ደም በነካው ልብስ ስትወጣ፣ ድምጿ ከፍሉቱ ጋር እየተቀባበለ ይወጣል፤ የቱ ሰው የቱ መሣሪያ እንደሆነ ያምታታል። ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን በፍጥነት የምታፈራርቅበት ትሪል እንከን አይወጣለትም። ቃላቱ ግን ይዋጣሉ።

ሌላዋ ዘፋኝ ማሪያ ካላስ ጋ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ድምጿ ጠቆር ያለ፣ አንዳንዴም ሻካራ ነው፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከፍተኛ ኖታ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ሰምተው የሚሸሹ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። በ1953ቱ ቅጂዋ ግን የዜማው ጌጥ ለጌጥነት ብቻ የገባ አይመስልም፤ ሉቺያ አጠገቧ የሌለውን ፍቅረኛዋን ስታናግር አእምሮዋ ሲከዳት ይሰማል። አንዱን ብቻ ከተባልኩ ይህን እወስዳለሁ።

በነገራችን ላይ፣ በ1952 ካላስ ኮቨንት ጋርደን ላይ «ኖርማ» የተባለውን ኦፔራ ስትጫወት የክሎቲልዴን ትንሽ ሚና የያዘችው ወጣቷ ሰዘርላንድ ነበረች።