ምስጋና ለላቦራቶሪዋ እኅታችን፣ ጥቆማ ለማይግሬን ታካሚዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ለማይግሬን የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ የሚወጉ ሰዎችን ደም የምትቀዳው እኅታችን፣ እግዜር ይስጥልን። ምስጋናው ብዙ ጊዜ ለወጋው ሐኪም ነው የሚደርሰው፤ ይገባዋልም። በደም የሚታዩት የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክቶች ግን ደሙ በሰዓቱና በወጉ ካልተቀዳ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ብቻ ናቸው። በሙያው ያለን ሰዎች እሷን የምንጠቁመውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የምትጠይቀው «መርፌው ተወጋ ወይስ ገና ነው?» ብላ ነው። ማጅራት ላይ የሚወጋው ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን ነው፤ ለአንድ ጎን 2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ። አንዳንዱ ሐኪም ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ይቀላቅልበታል፤ ጣጣው ከዚህ ይመጣል። ስቴሮይድ በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊልን ከደም ሥር ግድግዳ አላቅቆ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ ሊምፎሳይትን ይቀንሳል፤ ሁለቱም የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው፣ አንዱን ለሌላው አካፍሎ የሚገኘውም ቁጥር እንደ ብግነት ምልክት ይታያል። ለምሳሌ 6,000 ኒውትሮፊል ለ2,000 ሊምፎሳይት ሲካፈል 3 ነው። በማግስቱ 9,000 ለ1,000 ቢሆን 9 ይወጣል። ያላወቀ «ብግነቱ ባሰበት» ይላል፤ የተናገረው ግን መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ትቀዳለች፤ ታካሚው ሰሞኑን ፕሬድኒሶሎን (ሌላ ስቴሮይድ) ከወሰደም መጠየቂያው ላይ ትጽፋለች።

አቀዳዷም የሚታይ ነው። ክንድ ማሰሪያውን ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆይም። ሐምራዊ ክዳን ያለውን ቱቦ እስከ ምልክቱ ሞልታ 8 እስከ 10 ጊዜ በዝግታ ትገለብጣለች፤ አትንጠውም። ደሙ ከረጋ ወይም ፕሌትሌቶቹ (ደም የሚያረጉት ሴሎች) ከተቋጠሩ ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራል፤ ፕሌትሌትን ለሊምፎሳይት አካፍሎ የሚገኘው ቁጥርም አብሮ ይወርዳል። ፕሌትሌት ድንገት ካነሰባት ውጤቱን ከመላኳ በፊት ስላይድ ሠርታ በማይክሮስኮፕ ታያለች።

ኢኤስአር (ቀይ የደም ሴል በቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ የሚለካ ምርመራ) ላይ ደግሞ የከተማችን ቁር አለ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ የደሙ ዝቅታ ይዘገያል፣ ቁጥሩም ያንሳል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቀይ ደም ሴሉ የበዛ ሰውም ኢኤስአሩ ዝቅ ሊል ይችላል። ቱቦው ትንሽ ካዘመመ ግን በተቃራኒው ከፍ ይላል። እሷ ቀጥ አድርጋ አቁማ፣ ጠረጴዛው እንዳይነካ ተከላክላ ልክ በ60ኛው ደቂቃ ታነባለች። በ45 ደቂቃ አንብቦ የሚያካክስ ሰው አጋጥሞን ያውቃል፤ እሷ ዘንድ ይህ የለም።

አንድ ነገር አንደብቅም፦ ሲአርፒም (በብግነት ጊዜ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ሆነ እነዚህ ቁጥሮች ማይግሬንን አይመረምሩም፣ መርፌው ይሠራል አይሠራም ብለውም አይፈርዱም። ቶንሲል ወይም የጥርስ መግል ብቻውን ከፍ ያደርጋቸዋል። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው አዲስ ራስ ምታት ጀምሮት፣ ሲያኝክ መንጋጋው ከታመመ ወይም ዐይኑ ከደከመና ኢኤስአሩ ከፍ ካለ ግን የጆሮ ግንድ ደም ወሳጅ ሥር ብግነት (ቴምፖራል አርተራይተስ) ሊሆን ይችላል፤ ዐይን ያሳውራልና በዕለቱ ሐኪም ማየት አለበት። እንዲህ ያለ ውጤት ሲወጣ ወረቀቱ ተራ እስኪደርሰው አትጠብቅም፤ ስልክ ታነሳለች።

ከመሐል ሜዳም ከደብረ ሲናም የምትመጡ፣ የድሮ ውጤታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ኑ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ማደንዘዣ የማይስማማችሁ ወይም የራስ ቅል ቀዶ ጥገና የተደረገላችሁ ለሚወጋችሁ ሐኪም አስቀድማችሁ ንገሩ። ድጋሚ ምርመራውንም እዚያው፣ በዚያው ማሽን አሠሩ፤ በሌላ ቦታ የተሠራውን ከዚህኛው ጋር ማነጻጸር አሳሳች ነው።