የ140 ግራም በሽተኛችንን ላከመችልን ሐኪም

ይህን ምስጋና የምጽፈው እዚህ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ለምትሠራ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ነው። ስሟን በአደባባይ አላወጣም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻዋን እልካለሁ። ያከመችልን ሀምስተር፣ አይጥ መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ ነው። አዎ፣ ሀምስተር! መሳቅ ያማረው ይሳቅ፤ እናቴም መጀመሪያ ስቃለች። «አይጥ ስናባርር ኖረን፣ ዛሬ ደግሞ ለአይጥ ሐኪም ቤት ወረፋ እንያዝ?» ነበር ያለችው። ጎንደር ገጠር ጎተራ ስትጠብቅ ላደገች ሴት አይፈረድባትም።

ቆሎ የልጄ ነበረች። ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት፤ ጉንጯን ጥሬ ሞልታ ስትሮጥ አይታ። የሶርያ ሀምስተር የሚሉት ዝርያ ናት፣ ወርቅማ ቡኒ ሆና ሆዷ ነጣ ያለ። እኛ ስንተኛ የእሷ ቀን ይጀምራል። ለእንግዳ ፊት አትሰጥም፤ ልጄ እጅ ላይ ግን ወጥታ ቁጭ ትልና የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች፤ በሁለት እጇ አዙራ፣ ቅርፊቱን ወዲያ ጥላ፣ ፍሬውን ወደ ጉንጯ።

አንድ ሰሞን የግራ ጉንጯ አልጎድል አለ። ያጠራቀመችውን ጎጆዋ ውስጥ አራግፋ ስትወጣም ያ ጎን እንዳበጠ ነው። ምግብ ቀነሰች፣ በዚያው በኩል ያለው ዐይኗም መጨፈን ጀመረ። በመጀመሪያ የወሰድናት ቦታ (ስሙ ይቅር) ከካርቶኗ እንኳ ሳያወጧት «አዲስ ብትገዙ ይረክሳል» አሉን። መርከሱስ ይረክሳል። ግን ልጄ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር።

ይህችኛዋ ሐኪም ገና ስንገባ የጠየቀችን «ቤት ያለ መድኃኒት ሰጥታችኋታል?» ብላ ነው። አልሰጠንም ስንላት ትንፋሿን ለቀቀች። ለልጆች የሚታዘዘው አሞክሲሲሊን ሀምስተርን ሊገድል ይችላል። የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መድኃኒት በአፍ ሲሰጣቸው አንጀታቸው ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጨርስና መርዝ የሚያመነጨው እንዲፈላ መንገድ ይከፍትለታል። በቁስሉ ያልሞተችው በመድኃኒቱ ትሞታለች ማለት ነው። ስንቱ ቤት ፍሪጅ ውስጥ የተረፈ የልጅ ሽሮፕ እንዳለ ስለማውቅ ነው ይህን አስረዝሜ የጻፍኩት።

ከዚያ መዘነቻት፤ 140 ግራም። የምታደርገውንና የሚያስከፍለውን በወረቀት ጽፋ ካሳየችን በኋላ በጋዝ ትንሽ አስተኛቻት። የሀምስተር የጉንጭ ኪስ እስከ ትከሻዋ ድረስ እንደሚወርድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በእርጥብ የጥጥ ዘንግ ይዛ እንደ ካልሲ ወደ ውጭ ገለበጠችው። ስንጥር የምታህል የሱፍ ቅርፊት ሥጋው ውስጥ ተሰክታ መግል ቋጥራለች። አወጣችው፣ አጠበችው፣ ኪሱን መልሳ ወደ ቦታው አስገባችው። እጇ ሲሠራ ያየ ሰው ከኋላዋ ወረፋ የሚጠብቅ ያለ አይመስለውም። (እንከኗም ይኸው ነው፤ የቀጠሮ ሰዓት ብሎ ነገር የለም፣ ታስጠብቃለች። እኔ አልተቀየምኳትም፤ የሚቸኩል ግን ይወቀው።)

ቆሎ እስክትነቃ ድረስ ልጄን ወንበር ላይ አስቀምጣ ታሪክ አጫወተቻት። በ1930 የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ እስራኤል አሀሮኒ ሶርያ ሄዶ፣ ሀላብ (አሌፖ) አጠገብ ከእርሻ መሬት ሥር አንዲት እናት ከ11 ግልገሎቿ ጋር አስቆፍሮ አወጣ። ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጡ ከሞትና ከማምለጥ የተረፉት ጥቂቶቹ ተዋልደው በዙ፤ ዛሬ በየአገሩ በየልጆች ክፍል ያሉት የሶርያ ሀምስተሮች ከሞላ ጎደል የእነዚያ ዘር ናቸው። ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ ቆሎን «የኢየሩሳሌም ልጅ» ነበር የምትላት።

የቤቷንም ፎቶ ከስልኬ ላይ አይታ አስተካከለችልን። ለሀምስተር መኝታ እየተባለ በየሱቁ የሚሸጠው እንደ ጥጥ የተነፈሸ ነገር እግራቸውን ጠምጥሞ ደም ያሳጣል፤ ከዋጡትም አንጀት ይዘጋል። ሽታው የሚያውድ የጥድ ፍቅፋቂ ለሳንባቸው አይሆንም። ሽታ የሌለው የወረቀት ንጣፍ፣ ያውም ቆፍረው የሚገቡበት ጥልቀት ኖሮት፣ ከዚያ ወለሉ ድፍን የሆነና ጀርባቸውን የማያጎብጣቸው ሰፊ መሽከርከሪያ ይበቃቸዋል። በውኃ አይታጠቡም፤ ንጹሕ አሸዋ በሳሕን ስታስቀምጡላቸው ተንከባለው ራሳቸውን ያጸዳሉ። «ብቻዋን ታዝናለች» ብላችሁም ሁለተኛ እንዳትጨምሩባት። የሶርያ ሀምስተር ካደገች ብቸኛ ናት፤ አብረው ከዋሉ እስከ ሞት ይናከሳሉ። ጊኒ ፒግ ግን ተቃራኒው ነው፣ ብቻውን ይከፋዋል።

ስለ ክረምቱ የነገረችን ደግሞ ለብቻው ይነገር፤ የዚህ አገር ቤት በክረምት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቁታላችሁ። ሀምስተር ብርድ ሲጠናባት ሰውነቷ ቀዝቅዞ፣ ትንፋሿ በጣም ተራርቆ፣ የሞተች እስክትመስል ድረስ ልትተኛ ትችላለች። በዚህ ሁኔታ ከነነፍሳቸው የሚቀበሩ አሉ። ስለዚህ በብርድ ቀን ደርቃ ብታገኟት ለመቅበር አትቸኩሉ፤ ሞቅ ያለ ክፍል አስገቡ፣ በእጃችሁ አሙቁ፣ ጢሟ ሲነቃነቅ ወይም ደረቷ ከፍ ሲል ተመልከቱ፣ ለሐኪም ደውሉ። በሙቀት ጊዜ ደግሞ ሐምሲን የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ በረንዳ ላይ የተተወች ሀምስተር ሙቀቱ ይጨርሳታል። እኛ በጨርቅ የተጠቀለለ የበረዶ ጠርሙስ ከቤቷ ጎን እናስደግፍላታለን።

ቆሎ ከዚያ ሕክምና በኋላ ደህና ኖረች። ሁለት ዓመት አልፏት ሆዷ ሥር እብጠት ወጣ። የእነሱ ዕድሜ ሁለት ዓመት፣ ቢረዝም ወደ ሦስት ነው። ሐኪሟ ዳሰሰችው፣ አየችው፣ ሳትሸፋፍን ነገረችን፦ ቀዶ ጥገና ይቻላል፣ በዚህ ዕድሜ ግን ላትነቃ ትችላለች፤ ሕመሙን የሚያስታግስ ጠብታ እሰጣታለሁ፤ መብላት ስታቆም አምጧት። አታከራክርም፣ አታባብልም። ገንዘባችንን ብትፈልግ ኖሮ ቀዶ ጥገናውን ትመክረን ነበር። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘንን ክብደቷን ጻፍን፤ ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ መውረድ ሲጀምር ወሰድናት።

ያን ቀን እናቴም መጣች። የሐኪሟ ረዳት የእኛው ልጅ ነው፤ «እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሰጥቶ፣ የሚሆነውን ሁሉ ቀስ እያለ በአማርኛ አስረዳት፤ በጋዝ ትተኛለች፣ ጭልጥ ካለች በኋላ ነው መርፌው፣ አትሰማውም። ልጄ መግባትም ውጭ መቆየትም እንደምትችል ሐኪሟ ለራሷ ነገረቻት፤ እኔን አላየችም፣ እሷን ነው ያየችው። ገባች። ጋዙ እስኪይዛት በጣቷ ጀርባዋን ዳበሰችላት። ቤት ስንመለስ እናቴ ከአሮጌ ነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ ሰጠችንና «በዚህ ጠቅልሏት» አለች። ያቺው ወረፋው ያሳቃት እናቴ ማለት ነው። ሐዘኑ ሲመጣ ደግሞ «ለአይጥ ይለቀሳል?» ያሉን ዘመዶች አልጠፉም። የሁለት ዓመት ሙሉ የማታ ጓደኛዋ ናት፤ ልጅቱ ብታለቅስ ምን ይገርማል?

አሁን ሽሮ የምትባል ገብታለች፤ ገና በገባችበት ሳምንት ለምርመራ ወስደናታል። በቅርብ የተገዛች ትንሽ ሀምስተር ካለቻችሁ ጅራቷ ሥር እርጥበትና ተቅማጥ ካያችሁ እስከ ነገ አትበሉ፤ በአንድ ሁለት ቀን የሚገድል በሽታ አለ።

ሐኪሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረዳትሽም ይባረክ፤ ለእናቴ ስለሰጣት ክብር ብቻ ሌላ ምስጋና ይገባው ነበር።

ለምትሄዱ፦ ስትደውሉ ሀምስተር መሆኗን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ውሻና ድመት በማይበዛበት ሰዓት ይቀጥሯችኋል። በትንሽ ሳጥን ከራሷ ንጣፍ ጋር አምጧት፤ የውኃ ጠርሙሱ መንገድ ላይ ስለሚያረጥባት አውጡትና ቁራጭ ዱባ ወይም ኪያር አስገቡላት። ዓርብ እስከ እኩለ ቀን ነው የሚሠሩት። ጥንቸል፣ ጊኒ ፒግና የቤት አይጥም ታያለች፤ ወፍ አታይም። አማርኛ የሚናገረውን ልጅ ከፈለጋችሁ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው።