በቪዲዮ ማስተማር፦ ሌላ ልጅ ይይ ወይስ ራሱን?

እጁን ሳያወጣ መልስ የሚጮህ ተማሪ አለ እንበል። ትክክለኛውን አካሄድ በአጭር ቪዲዮ ልናሳየው እንችላለን። ግን ማንን ይይ?

ሌላ ልጅ የሚታይበት ቪዲዮ ይቀላል። አንዴ ተቀርጾ ለብዙ ተማሪ ያገለግላል። ልጆች በፊልም ያዩትን እንደሚኮርጁ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጥናት አሳይቷል፤ ያኔ የኮረጁት ጠበኝነትን መሆኑ ነው እንጂ!

ራሱን የሚያይበት ግን ሥራ አለው። ልጁ መልሱ አፉ ላይ ደርሷል። ካሜራው እየቀረጸ፣ መምህሯ «እጅህን አውጣ» ለማለት ከጎን ጣቷን ከፍ ታደርግለታለች። እጁን ያወጣል፣ ይጠብቃል፣ ሲጠራ ይመልሳል። ከዚያ የመምህሯ ጣት በኤዲቲንግ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ልጁ ብቻውን ሲሳካለት ነው። ሲጮህ የተቀረጸው አይገባም፤ ያ ማሸማቀቅ ነው።

እኔ ብሆን በሌላ ልጅ ቪዲዮ እጀምራለሁ። ጠብ የሚል ነገር ከሌለ ወደ ራሱ እሄዳለሁ። ራሱን ማየት የሚያሳፍረውን ልጅ ግን አላስገድድም። ያለ ወላጅ ፈቃድ ደግሞ ቀረጻ የሚባል ነገር የለም። ቪዲዮው የሚታየውም ክፍለ ጊዜው ሊጀመር ሲል ነው፤ ጠዋት ያየውን ከሰዓት ላያስታውሰው ይችላል።