የአሮጌ ላንድክሩዘር ባለቤቶች፣ ከጋራዥ ስትወጡ የዳሽቦርድ መብራታችሁን ቁጠሩ

ይህን የምጽፈው ትናንት ሌሊቱን ከእናቴ ጋር መኪና ውስጥ ተኮራምቼ አድሬ ነው። እጄ ገና ናፍጣ ናፍጣ ይሸተኛል፣ ንዴቱም አልበረደልኝም። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ዓይነታቸውን ግን ታውቁታላችሁ። በር ላይ ገና ሳትወርዱ ኮፈን የሚከፍት ልጅ፣ ውስጥ ደግሞ ሁሉም «ኢንጂነር» የሚለው ታብሌት የያዘ ሰውዬ።

መኪናዋ አባቴ ከአንድ ድርጅት በጨረታ የገዛት የ1996 ሞዴል ላንድክሩዘር ናት፤ ባለ ናፍጣ፣ 1ኤችዜድ ሞተር። እሱ ካረፈ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኞ ሦስት መብራቶች አንድ ላይ መጡብኝ፤ የባትሪዋ፣ የእጅ ፍሬኗና የናፍጣ ፊልትሮዋ። ደመቅ ብለው እንኳን አይደለም፤ ጋዙ ሊያልቅ እንዳለ ፋኖስ ፈዘዝ ብለው። የእጅ ፍሬን ይዤ እየነዳሁ ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አየሁ። አልያዝኩም።

ጋራዥ ወሰድኳት። ኢንጂነሩ ታብሌቱን ፓራፋንጎው ላይ አስቀመጠ፣ ገመዱን በመስኮት አሳልፎ ከመሪው ሥር ሰደደው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ተግተለተለ። «ዲናሞ ሞቷል፤ የፊልትሮ ሰንሰርም ሄዷል» አለኝ። ዲናሞ ማለት ሞተር ሲሠራ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ነው። አንድ ነገር ልጠይቀው አፌን ስከፍት «እህቴ፣ አንቺ ቡናሽን ጠጪ፤ ይሄ ለኛ ተይው» ብሎ ለልጁ ወንበር እንዲያመጣልኝ ነገረው። ቡናዬንም ጠጣሁ። ስክሪኑንም ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላኩለት፣ «አየህ ዘመናዊ ናቸው» ብዬ። ይቺ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለች፤ ባየኋት ቁጥር ያመኛል።

ምክንያቱም ያ ሞተር ኮምፒውተር የለውም! የናፍጣ ፖምፓው መካኒካል ነው፤ ታብሌት አንብቦ የሚናገርለት ነገር የለም። ገመዱ የት እንደተሰካ አላየሁም ነበር። አሁን ሳስበው ምንም ላይ አልተሰካም፤ ምንጣፉ ላይ ነው የተጋደመው።

ረቡዕ ጠርተውኝ ሄድኩ። ኮምፒውተር ማስነበቢያ 1,500፣ «የዱባይ ኦሪጅናል» ዲናሞ 35,000፣ ሰንሰር 6,000፣ የእጅ ዋጋ 4,000። በድምሩ 46,500 ብር። «ደረሰኝ ካልሽ ቫት 15 በመቶ ይመጣብሻል፣ ለምን ትጎጃለሽ» አሉኝ። ወደ 7 ሺህ ብር ያተረፍኩ መስሎኝ በሞባይል አስተላለፍኩና አመሰገንኳቸው። መኪናዋ ሞተሯ ተነስቶ፣ ሞቆ፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነው የጠበቀችኝ። እንዴት ያሉ ትሁት ሰዎች ናቸው አልኩ በልቤ። ዳሽቦርዱ ጭልም ብሏል፤ አንድም መብራት የለም። ለልጁ 200 ብር ጉርሻ ሰጠሁት።

ትናንት ቅዳሜ እናቴን ይዤ ለለቅሶ ወደ ቡታጅራ ወጣሁ። ከአዲስ አበባ ስንወጣ 10 ሰዓት ሆኗል፣ ዝናብ አለ፣ የዝናብ መጥረጊያውም መብራቱም ይሠራል። መልካ ቁንጡሬን እንዳለፍን የፊት መብራቱ ቢጫ እየሆነ መጣ። መጥረጊያው መስታወቱን እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ዳሽቦርዱ ግን ንጹሕ ነው፣ ስለዚህ ጭቃ የሸፈነው ነው አልኩ። ጢያን እንዳለፍን ዳር ይዤ ልጠርገው ቆምኩና፣ የሞኝ ሞኝ፣ ሞተሩን አጠፋሁት። ጠርጌ ተመልሼ ሳስነሳ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። ትክል ድንጋዮቹ አጠገብ እኔም ትክል ድንጋይ ሆኜ ቀረሁ። እናቴ ጋቢዋን ለሁለት ዘረጋችው። ሌሊቱን ሙሉ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ሊነጋጋ ሲል ብቻ «አባትሽ እኮ ይቺን መኪና ራሱ ነበር የሚያያት» አለች።

ጠዋት አንድ የአይሱዙ ሹፌር፣ እግዜር ይስጠው፣ በገመድ ጎትቶ ቡታጅራ አደረሰን። እሑድ ስለሆነ የከፈተ ኤሌክትሪሺያን ያገኘነው በስንት ልመና ነው፤ ሸምገል ያሉ፣ ካቻቢቴ ደረት ኪሳቸው ላይ የሰኩ ሰው። የራሳቸውን ባትሪ አምጥተው ገጠሙልኝ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «ቁልፉን አንዴ ብቻ አዙሪው። ሞተር አታስነሺ» አሉኝ።

አዞርኩት። የዘይቷ መብራት በራች። የሞተር ማሞቂያዋም በራች። እሳቸው ዳሽቦርዱ ላይ አፍጥጠው ቀሩ።

«የባትሪዋስ?»

«አቤት?»

«የባትሪዋ መብራት የታለች፣ ልጄ?»

«ጠፍታለች እኮ፣ ተሠርታ ነው» አልኩ፣ በኩራት ጭምር።

ቀና ብለው አዩኝ። ቁልፍ ሲዞር ሞተር ሳይነሳ እነዚህ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ደህና መኪና ላይ የሚጠፉት ሞተር ሲነሳ ነው። ይህን እየነገሩኝ የዳሽቦርዱን ብሎኖች ይፈታሉ። አውጥተው ጀርባውን ገለበጡልኝ። በየቦታው ትንንሽ የአምፖል መቀመጫዎች ተሰክተዋል፤ ሦስቱ ቦታ ግን ባዶ ቀዳዳ ነው። አንዱ ቀዳዳ ላይ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል፤ የጣት አሻራ እንኳን አለበት። የባትሪ፣ የእጅ ፍሬን፣ የፊልትሮ። አምፖሎቹን ነቅለው ነው የሰጡኝ!

ያን ጊዜ ነው ረቡዕ መኪናዋ ለምን ተነስታ እንደጠበቀችኝ የገባኝ። ቁልፍ እንዳላዞር ነው። ግን እኮ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ያዞርኩት ራሴ ነኝ፤ አንድም ቀን አላየሁም።

«የዱባይ» የተባለው ዲናሞ ደግሞ የራሴው ነው። ብር ቀለም ነፍተውበታል፤ እዚያው በተገጠመበት። ቀለሙ ከብሎኖቹ ራስ እስከ መያዣው ሳይሰነጠቅ ተያይዟል፣ አጠገቡ ያለው ጎማ ቱቦ ሳይቀር ብር ሆኗል። ሽማግሌው ፈትተው ካርቦኖቹን፣ ዲናሞው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን ቁራጮች፣ አሳዩኝ፤ አዲሱ ከ10 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ሲሆን የኔዎቹ አልቀው ምስር አክለዋል። ዲናሞው ቻርጅ ማድረግ ሲያቆም እነዚያ ሦስት መብራቶች ተያይዘው ፈዘዝ ብለው ይመጣሉ፣ በዚህ ዓይነት ቶዮታ ናፍጣ የታወቀ ነው አሉኝ። ፊልትሮዬ ምንም አልሆነም ነበር። ካርቦን 600፣ የእጅ 1,000 ብር። ሞተሩ ተነስቶ ሲለኩት 14.1 ቮልት አሳየ። ከመፈታቱ በፊት 12.1 ነበር፣ እሱም እየወረደ።

እዚያው ቆሜ ጋራዡ ደወልኩ። ኢንጂነሩ ራሱ አነሳው። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት። ጨርሼ ዝም ስል እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ አንቺ ምን ብለሽ ነው የመጣሽው? ‹መብራት በርቶብኝ አልጠፋ አለ› ነው ያልሽው። አጠፋንልሽ።» ከጀርባው ሰዎች ሲስቁ ይሰማኛል፤ የልጁ ሳቅ እንኳን ተለይቶ ይሰማል። «ዲናሞው የራሴ ነው» ስለው «ደረሰኝ አለሽ?» አለና ዘጋው።

የለኝም። ወንድሜም የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ክሰሻቸው ይለኛል። በምን ላሳይ? በታብሌቱ ፎቶ?

ለማንኛውም መኪናችሁን ስትረከቡ ሞተሯ ተነስታ ከጠበቀቻችሁ አጥፉና ቁልፉን ራሳችሁ አዙሩ። የባትሪዋ መብራት ካልበራች ገንዘብ አትክፈሉ። ሞተር ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13 ቮልት በታች ካነበበም እንደዚያው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ደረሰኝም አስቆርጡ። እኔ ሦስት አምፖል ፍለጋ ነገ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ።