«ሙሉ የቃለ ምልልስ መገልበጫ» የሚባለውን ጥቅል ሳትፈትሹ እንዳትገዙ

የተቀዳ ቃለ ምልልስ ወደ ጽሑፍ የምትገለብጡ ሁሉ፣ በተለይ ለጥናት ወይም ለዘገባ የሰበሰባችሁት ድምፅ ተከምሮባችሁ «እጄን ከቁልፍ ሰሌዳው ሳላነሳ የምሠራበት መሣሪያ ባገኝ» የምትሉ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በአንድ ካርቶን የእግር ፔዳል፣ የጆሮ ማዳመጫና የሶፍትዌር ፈቃድ ተይዞለት «ሙሉ የቃለ ምልልስ መገልበጫ» እየተባለ የሚሸጥ ጥቅል አለ። የሥራ ባልደረባዬ ገዝታው አብረን ፈትሸነዋል። ፔዳሉ ለማንኛውም ነገር የሚውል ባለ አንድ ቁልፍ የእግር ማብሪያ ነው። ያው ዕቃ ይህ ስም ሳይለጠፍበት በብዙ እጥፍ ረክሶ ይሸጣል። ይህ ብቻውን ያናድዳል፤ የባሰው ግን ሥራውን አለመሥራቱ ነው።

ትክክለኛው የመገልበጫ ፔዳል ሦስት መርገጫ አለው። መካከለኛው ድምፁን ያስኬዳል፣ ግራው ወደኋላ ይመልሳል፣ ቀኙ ወደፊት ያሳልፋል። አሠራሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ስትረግጡት ይሄዳል፣ እግራችሁን ስታነሱ ይቆማል። እንደገና ስትረግጡት ደግሞ ካቆመበት አንድ ሁለት ሰከንድ ወደኋላ ሸሸት ብሎ ይነሳል። ይህችን ትንሽ ወደኋላ መመለስ የማያውቅ ሰው ይንቃት ይሆናል። ጣት ሁልጊዜ ከተናጋሪው አፍ ስለሚዘገይ፣ ስታቆሙ ያመለጠቻችሁን የመጨረሻ ቃል ሳትለምኑ መልሳ የምታሰማችሁ እርሷ ናት። የአንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅ ሥራውን የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ድምፁን ስንት ጊዜ እንደምታቆሙና እንደምታስነሱ አስቡት።

ለዚህ ሁሉ ፔዳሉ ለኮምፒውተሩ ሁለት ነገር መንገር አለበት፤ መረገጡንም፣ መለቀቁንም። ከካርቶኑ የወጣው ግን ራሱን እንደ ቁልፍ ሰሌዳ አስመስሎ በተረገጠ ቁጥር አንድ ፊደል ብቻ ይልካል። ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላለት የላቲኑ «ቢ» ነው። ባልደረባዬ በአማርኛ እየጻፈች ረገጠችው። ድምፁ ንቅንቅ አላለም፤ በተጠያቂው ዓረፍተ ነገር መካከል ግን «ብ» ተደነቀረች። ደግማ ስትረግጠው ሌላ «ብ» ተጨመረች። ፊደሉን ለመቀየር ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ በካርቶኑ ውስጥ የለም። ፈልገን አግኝተን ብንቀይረውም አንድ ጊዜ ሲረገጥ ማስነሳት፣ ደግሞ ሲረገጥ ማቆም ብቻ ሆነ። ወደኋላ ለመመለስ እጅ ከጽሑፉ ይነሳል፤ ፔዳል የሚገዛው እኮ ይህ እንዳይሆን ነው።

የሶፍትዌሩ ፈቃድም ቢሆን የተባለው አይደለም። ለሙከራ የተሰጠ፣ ጊዜው ሲያልቅ ክፍያ የሚጠይቅ ነው። ይህ በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም፤ የተጻፈው «ሶፍትዌር ተካቷል» የሚል ነው።

ሌላም ሻጮች የማያነሱት ነገር አለ፤ የፋይል ዓይነት። አንዳንድ የኦሊምፐስና የፊሊፕስ ድምፅ መቅጃዎች ዲኤስኤስ ወይም ዲኤስ2 በተባለ የራሳቸው ዓይነት ይቀዳሉ። ይህን ዓይነት ብዙ ነጻ ማጫወቻዎች አይከፍቱትም፤ በነጻ የሚገኙ የመገልበጫ ፕሮግራሞችም ለተከፈለበት ቅጂ ያስቀሩታል። መቅጃችሁ በኤምፒ3 ወይም በዌቭ መቅዳት የሚችል ከሆነ ከቃለ ምልልሱ በፊት ወደዚያ ቀይሩት። እንዲሁም ያገለገለ ፔዳል ስትገዙ የሽቦውን ጫፍ ተመልከቱ። ባለ 15 ፒን (ጥርስ)፣ ድሮ የጨዋታ መሪ ይሰካበት የነበረው የጌም መሰኪያ ያለው ከሆነ ተዉት፤ ዊንዶውስ ቪስታ ከተባለው እትሙ ጀምሮ ለዚያ መሰኪያ የሚሰጠውን ድጋፍ አቋርጧል። የካሴት መገልበጫ ማሽን ፔዳልም ለዚያው ማሽን እንጂ ለኮምፒውተር አልተሠራም።

የጆሮ ማዳመጫው «ሶፍትዌሩ ቃለ ምልልሱን ሰምቶ ራሱ ይጽፍልዎታል» ከሚል ተስፋ ጋር ነው የቀረበው። ከጥቅሉ ጋር የመጣው ፕሮግራም አንድ ሰው በማይክሮፎን አጠገብ ሆኖ እየተናገረ እንዲያስጽፍ የተሠራ ነው። ሁለት ሰዎች እየተነጋገሩ፣ አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ፣ ወንበር እየተንቋቋ የተቀዳ ድምፅ ስትሰጡት የሚያወጣውን ከማረም እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል። አማርኛም አያውቅም። እንዲህ ባለው ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች ቀረጻውን በጆሮ እየሰሙ በራሳቸው ድምፅ ይደግሙለታል፤ ይህ ግን ልምምድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው። ድምፁን በኢንተርኔት ወደ ሌላ ቦታ ልኮ የሚያስገለብጥ አገልግሎት ከሆነ ደግሞ ተጠያቂያችሁ ለዚያ መፍቀዱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሰው ምስጢሩን የነገረው እናንተን አምኖ ነው።

እኔ የምመክረው መጀመሪያ ምንም ሳትገዙ እንድትሞክሩ ነው። በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈተው ኦትራንስክራይብ የተባለ የመገልበጫ መሣሪያ ነጻ ነው፤ ድምፁና ጽሑፉ በአንድ መስኮት ስለሚሆኑ በቁልፍ ሰሌዳው ብቻ ታቆማላችሁ፣ ትመልሳላችሁ፣ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ኤክስፕረስ ስክራይብ የተባለ የመገልበጫ ፕሮግራምም ነጻ ቅጂ አለው፤ በሌላ መስኮት እየጻፋችሁም ቁልፎቹ ይታዘዙላችኋል። አልፎ አልፎ ለሚገለብጥ ሰው ይህ ይበቃል፤ ፔዳል ባይገዛ ምንም አይጎድልበትም።

ሥራችሁ በየቀኑ መገልበጥ ከሆነ ግን ባለ ሦስት መርገጫ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ፔዳል ያስፈልጋችኋል። የምትጠቀሙበት ሶፍትዌር ከሚደግፋቸው ፔዳሎች ዝርዝር ውስጥ የሞዴሉ ስም መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዩ፤ ለአንድ ድርጅት ሶፍትዌር የተሠራ ፔዳል በሌላው ላይ ላይታወቅ ይችላል። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑ። ቀላል የሆነ፣ ከሥሩም ጎማ የሌለው በረገጣችሁት ቁጥር ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ይርቃል፤ እናንተም ከጠረጴዛው ሥር በእግራችሁ ስታስሱት ትውላላችሁ። ሻጩን «ስለቀው ይቆማል? ሲነሳ ወደኋላ ይመለሳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በፊታችሁም አሠርቶ ያሳያችሁ።

ጥቅሉን ገዝታችሁ ገና ያልከፈታችሁት ካላችሁ የሶፍትዌሩን ፖስታ አትቅደዱ። ባልደረባዬ ልትመልስ ስትሄድ የተነገራት «ፖስታው ስለተከፈተ አንቀበልም» የሚል ነው። ደረሰኙንና የማስታወቂያውን ፎቶ ይዛችሁ ዛሬውኑ መልሱት።